ወደ ጫካው ፏፏቴ ለምትሄዱ፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሑድ ከመናገሻ ሱባ ጫካ ያነሳኋቸውን ሁለት የፏፏቴ ፎቶግራፎች ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ሰብስቤ እመልሳለሁ። እኔ የወጨጫን ተራራ ለዓመታት በእግሬ የዞርኩ ሰው እንጂ አስጎብኚ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቦታው በትክክል የት ነው? መኪና የሌለንስ እንዴት እንድረስ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ስሙ እንዳያሳስታችሁ። መናገሻ የምትባለው ከተማ በአምቦ መንገድ ላይ ናት። ጫካው ደግሞ በወጨጫ ጎን ላይ ነው፤ የተለመደው መግቢያም በጅማ መንገድ፣ በሰበታ በኩል ነው። «መናገሻ ደርሰናል፣ ጫካው ወዴት ነው?» የሚል ስልክ በየዓመቱ ይደርሰኛል። ሰበታ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከአየር ጤና ሚኒባስ አለ። ከሰበታ ወደ ሱባ የሚገባው ጥርጊያ መንገድ ነው፤ ዝናብ ከመታው ጭቃው ትንሽ መኪና አያሳልፍም። ባጃጅ ወይም ሚኒባስ የምትኮናተሩ ከሆነ የመመለሻውንም ዋጋ ጠዋት ጨርሱ። ማታ ደክሟችሁ ስትነጋገሩ ዋጋው ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ፏፏቴው ትልቅ ነው? ልጆቼ ጢስ ዓባይን አይተዋል፤ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው።

መልስ፦ ጢስ ዓባይን የሚጠብቅ ይከፋዋል። ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወር ወንዝ ነው፤ ይህ የተራራ ጅረት ነው። ወጨጫ የጠፋ እሳተ ገሞራ ስለሆነ ጅረቶቹ ጠንካራ ድንጋይ ካለበት ደረጃ ሲደርሱ ይዘላሉ፣ ከሥሩ ያለውን ለስላሳውን ይቦረቡራሉ። ውበቱ በከፍታው አይደለም። ዛፍ ለዛፍ ስትሄዱ መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቅዝቃዜው ፊታችሁን ይነካዋል፣ ውሃውን የምታዩት መጨረሻ ላይ ነው። ልጆችዎ ድምፁን ማን ቀድሞ እንደሚሰማ ያወዳድሯቸው፤ ቁመቱን ይረሱታል።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ሞልቶ ያገሳል፣ መንገዱ ግን ሳሙና ነው። ከጥር በኋላ ጅረቱ እየቀጠነ ይሄዳል። በበልግ ዝናብ ትንሽ ያገግማል፣ ግን አትመኑት።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ይፈጃል? አንዱ ሁለት ሰዓት አለኝ፣ ሌላው ሙሉ ቀን።

መልስ፦ ሁለቱም አልዋሹም፤ የየራሳቸውን እግር ነው የነገሩህ። አንተ የራስህን አስላ። ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት አለ፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበት ሌላ 1 ሰዓት። ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 600 ሜትር ቢሆን 3 ሰዓት ይመጣል። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው፣ ያለ እረፍት ነው። እኔ አዳዲስ ሰዎች ሲኖሩ በአንድ ተኩል አበዛዋለሁ፤ 4 ሰዓት ተኩል። ፏፏቴው ዘንድ 1 ሰዓት ጨምርበት። ከጠዋቱ 2፡30 ከጫካው በር ብትነሳ ቀትር ካለፈ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ትመለሳለህ፤ ለዝናብና ለተጣመመ ቁርጭምጭሚት የሚሆን ትርፍ ሰዓት ይቀርሃል።

ከዚህ ሁሉ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የመመለሻ ሰዓታችሁን ቤት ሳላችሁ ወስኑ። የእኔ 6 ሰዓት ነው። ስድስት ሲሆን ፏፏቴው ጋ ካልደረስኩ፣ ድምፁን እየሰማሁ እንኳ ቢሆን፣ ዞሬ እሄዳለሁ። ይህን የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ስድስት ሆነን «አሁን ደረስን፣ አሁን ደረስን» እየተባባልን እስከ 8 ሰዓት ተኩል ወጣን። ስንወርድ ዝናብ ያዘን። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ጥቅጥቅ ካለ ጫካ ውስጥ ግን ቀድሞ ይጨልማል፤ በእኛ አገር ደግሞ ምሽቱ ዳር ዳር አይልም፣ በአንዴ ነው የሚወድቀው። በአንድ የእጅ ባትሪ ለስድስት ሰው፣ እየተያያዝን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በሩ ላይ ደረስን። ፏፏቴውንም አላየነውም።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ እየመጣሁ ነው። ዓርብ ገብቼ ቅዳሜ ብወጣ ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ብቻውን እጥፍ ያህል ነው፣ የወጨጫ ጫፍ ደግሞ 3,385 ሜትር። ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ብትቆዪ ይሻላል። ካልሆነ ጫፉን ትተሽ በታችኛው ጫካ ተመላለሺ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ አትታገዪው፣ ውረጂ። ሹራብም ያዢ፤ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ የጅረቱ ውሃ ንጹሕ ይመስላል። ይጠጣል?

መልስ፦ ከላይ ከብት አለ። ጃርዲያ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተቀምጫለሁ፤ ይበቃኛል። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ከቤት ያዙ። የግድ ማፍላት ካስፈለገ፣ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ገና 92 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሆነ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይንተክተክ።

ጥያቄ፦ መዋኘት ይቻላል?

መልስ፦ እግር መንከር ይቻላል። ከፏፏቴው ሥር መዝለልን ግን ተዉት፤ ድንጋዩ አይታይም፣ ብርዱም ትንፋሽ ይቀማል። ዋናው ስጋት ደራሽ ውሃ ነው። እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ከላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ከጀመረ፣ ወይም ድምፁ ከወፈረ፣ ጫማችሁን እንኳ ሳትፈልጉ ወደ ዳገቱ ውጡ።

ጥያቄ፦ ዛፎቹን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከሏቸው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የሚነገረው እንዲህ ነው፦ ንጉሡ በ15ኛው መቶ ዘመን ተራራው ተራቁቶ አይተው ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ። ወፍራሞቹን ጽዶች ቀና ብሎ ያየ ሰው ታሪኩን ለማመን አይቸገርም። ከጽዱ ጋር ዝግባና ወይራ አለ፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያ አስታና ጅብራ። ኮሶ ሲያብብ ከሩቅ ቀይ ሆኖ ያምራል፤ አበባውን ለመድኃኒት የጠጡ አያቶቻችን ግን ውበቱን አያነሱትም።

ጥያቄ፦ አውሬስ?

መልስ፦ ጉሬዛ ከላይ ያያችኋል፣ ድኩላ ሰምቷችሁ ይሸሻል። ነብር አለ ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ እሱ አይቶኝ ይሆናል። የሚያስቸግረው ዝንጀሮ ነው፤ ምሳችሁን ክፍት አትተዉ። ከሁሉ የሚከፋው ሳማ ነው፤ ረጅም ሱሪ ልበሱ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሴቶች ብቻችንን ብንሄድ?

መልስ፦ ወንድም ቢሆን ብቻውን አይሂድ። አራት አምስት ሁኑ፤ በጫካው ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡና መንገድ የሚያውቅ ጠባቂ ይዛችሁ ግቡ። ስለ አካባቢው ጸጥታ በዋዜማው ሰበታ ያለ ሰው ጠይቁ፤ «ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ። ጫካው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ስለዚህ የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ተናግራችሁ ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መንገድ ላይ ለምታገኙት ሰው በኦሮምኛ «አካም» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ስትሰናበቱ «ገለቶማ» ብላችሁ አመስግኑ፤ መንገዱን በእጁ ማሳየቱን ትቶ ይሸኛችኋል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ ያለውን ፏፏቴ ቦታ ለምን ደበቁት? ራስ ወዳድነት አይመስልዎትም?

መልስ፦ ይመስላል፤ እቀበላለሁ። እዚያ የመንደሩ ሰዎች ጠበል ይቀዳሉ። አንድ ጊዜ ለወዳጆቼ በካርታ ልኬ በሦስተኛው ወር ስመለስ የፕላስቲክ ጠርሙስና የቢራ ቆርኪ ከጠበሉ አፍ ስለቅም ዋልኩ። አንዲት እናት ቆመው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር፤ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። አብሮኝ የሚሄድን ሰው እወስደዋለሁ፣ ካርታውን ግን አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ምሳ ምን እንያዝ? ዓርብ ነው የምንወጣው።

መልስ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ። በሶ ጭብጦ ተደርጎ ቢያዝ ከሁሉ ይበልጣል። የሙዙን ልጣጭም መልሱ።

ጥያቄ፦ የሚቀጥለው ጉዞ መቼ ነው?

መልስ፦ በጥቅምት አጋማሽ፣ ቅዳሜ፣ ከአየር ጤና ጠዋት 12፡30። አርፍዶ የመጣ አይጠበቅም። ዓምና 12፡40 ላይ ስደርስ እኔንም ትተውኝ ሄደዋል።