ስክሪኑ ከ1024 በ768 አልወጣ ላለህ የባሕር ዳር ልጅ

ጥያቄህን እንደተረዳሁት፦ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝተህ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን ሲስተም ጫንክበት። ምስል የሚያወጣው ካርድ ኤንቪዲያ ጂቲ 710 ነው። በቪጂኤ ገመድ የተያያዘው ሞኒተር 1920 በ1080 መሆን ሲገባው 1024 በ768 ላይ ቆመ፤ ጥገና ቤቱም «ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» አለህ። ወንድሜ፣ እንዳትገዛ። የሞተ ካርድ ጥርት ያለ ምስል አያወጣም። እንዲህ ያለህ ሰው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቶ አላየም ማለት ነው፤ ለ«ምርመራ» ካስከፈለህ ደግሞ ይባስ።

ትእዛዞቹን በሚነበቡበት አጻፍ አስቀምጣቸዋለሁ፤ አንተ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ጻፋቸው፤ «ቪጂኤ»ን ብቻ በትልልቅ።

1. መጀመሪያ «ኤክስራንድአር» በል፤ ፊደሎቹ ኤክስ፣ አር፣ ኤ፣ ኤን፣ ዲ፣ አር ናቸው። የመውጫው ስም «ዲፎልት» ወይም «ነን-1» ከሆነ ሞኒተሩንም ገመዱንም ተዋቸው፤ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር አልተነሳም። ጂቲ 710 በአብዛኛው የኬፕለር ትውልድ ነው፣ ለኬፕለር የመጨረሻው የኤንቪዲያ ድራይቨር ቅርንጫፍ ደግሞ 470 ነው። ብዙ ሰው «አዲሱ ይሻላል» ብሎ 535 ይጭንበታል። 535 ይህን ካርድ አያውቀውም፤ ከኡቡንቱ ጋር የመጣውን ኑቮ የተባለ ድራይቨር ግን ያግደዋል። ካርዱ ያለ ሹፌር ቀረ ማለት ነው። «ሱዶ ኤፒቲ ፐርጅ» ብለህ «ኤንቪዲያ-*»ን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አስከትልና ሪስታርት አድርግ። ጌም ካልተጫወትክ ኑቮ ይበቃሃል፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይትም አይበላብህም። በጭነት መሀል መብራት ከሄደ (እኛ ከተማ ይሄ አይገርምም) ሲመለስ መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» በል፤ አለዚያ ፕሮግራም ጫኙ ኤፒቲ እንቢ ይልሃል።

ኤንቪዲያ የሚባል ነገር ጨርሶ ካልተጫነ «ካት /ፕሮክ/ሲኤምዲላይን» በል። «ኖሞድሴት» የሚል ቃል (ድራይቨሩ የስክሪኑን መጠን እንዳያስተካክል የሚከለክል ነው) ካየህ ኡቡንቱን የጫነልህ ሰው ጥሎብህ ሄዷል። ከ/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ አውጣውና «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» በል።

2. ስሙ «ቪጂኤ-1» ሆኖ «ኮኔክትድ» ካለ ድራይቨሩ ደህና ነው። ያኔ ጥያቄው ሞኒተሩ ማንነቱን ለካርዱ ነግሯል ወይ የሚለው ነው፤ ይህ መረጃ ኢዲአይዲ ይባላል። «ካት /ሲስ/ክላስ/ዲአርኤም/ካርድ0-ቪጂኤ-1/ኢዲአይዲ | ደብሊውሲ -ሲ» በል፤ ካርድ0 ከሌለ ካርድ1 ሞክር። 128 ወይም 256 ከመጣ ሞኒተሩ ተናግሯል። 0 ከመጣ መረጃው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ካርዱም ሳያውቅ ስለሚፈራ በ1024 በ768 ይወሰናል።

ገመዱን ንቀልና ጫፉን ተመልከት። ከ15ቱ ፒኖች ይህን መረጃ የሚያመላልሱት 12ኛዋና 15ኛዋ ናቸው። ሰፊው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ስታየው፣ ከታችኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛዋና በቀኝ ጫፍ ያለችው ማለት ነው። ከታጠፉ በወረንጦ ቀስ ብለህ አቅናቸው። ከነጭራሹ ከሌሉ ገመዱ የርካሽ ነው፣ ጣለው። ከመሀል ረድፍ 9ኛዋ ብትጎድል ግን አትደንግጥ፤ ብዙ ደህና ገመዶችም የላቸውም። አዲስ ገመድ ከመግዛትህ በፊት ግን ፖሊ ወይም ፔዳ የሚማር ጓደኛ ካለህ የሱን ተውሰህ 0 የነበረው ቁጥር መቀየሩን እይ። ምስል ማከፋፈያ ሳጥን ወይም ማራዘሚያ መሀል ከገባም አውጣው፤ እነዚህም መረጃውን ይውጣሉ።

ገመዱ ተቀይሮም 0 ካለ፣ መጠኑን ራስህ ትነግረዋለህ። ይህ ዌይላንድ በሚባለው የኡቡንቱ ስክሪን አሠራር ላይ አይሠራም፤ ሎግ አውት ብለህ ውጣና ስምህን ስትነካ ከታች በቀኝ ከሚመጣው ባለ ጥርስ ጎማ ምልክት «ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ»ን ምረጥ። ከዚያ «ሲቪቲ 1920 1080 60» በል። የሚወጣውን የቁጥር መስመር እንዲህ ትመልሰዋለህ፦

ኤክስራንድአር --ኒውሞድ ጣና 173.00 1920 2048 2248 2576 1080 1083 1088 1120 -ኤችሲንክ +ቪሲንክ

«ጣና» የኔ ስም ነው፣ የፈለግኸውን በለው፤ ሲቪቲ የሚያወጣውን ረጅም ስም ስትገለብጥ ከመሳሳት ይሻላል። ቀጥሎ «ኤክስራንድአር --አድሞድ ቪጂኤ-1 ጣና»። የመጨረሻውን ግን ብቻውን አትላከው፤ በአንድ መስመር እንዲህ አያይዘው፦

ኤክስራንድአር --አውትፑት ቪጂኤ-1 --ሞድ ጣና; ስሊፕ 15; ኤክስራንድአር --አውትፑት ቪጂኤ-1 --ሞድ 1024ኤክስ768

ሞኒተሩ ካልቻለው ይጠቁራል፣ በ15 ሰከንድ በራሱ ይመለሳል። ምስሉ ከመጣልህ ሦስቱን ትእዛዞች፣ ከስሊፕ ጀምሮ ያለውን ቆርጠህ፣ በሆም ፎልደርህ ውስጥ «.ኤክስፕሮፋይል» በሚል ፋይል ጻፋቸው። አለዚያ መብራት ጠፍቶ በበራ ቁጥር ልትደግመው ነው።

ወደፊት በዲቪአይ (ሌላ ዓይነት የሞኒተር ገመድ) ካገናኘህ ይህን 173.00 አትጠቀምበት። ቁጥሩ ሜጋኸርዝ ነው፣ ባለ አንድ ሊንክ ዲቪአይ የሚሸከመው እስከ 165 ነው። «ሲቪቲ -አር 1920 1080 60» ስትል 138.50 ይሰጥሃል፣ ያ ያልፋል፤ እዚያ ላይ ምልክቶቹ ተገልብጠው +ኤችሲንክ -ቪሲንክ ይሆናሉ።

የኢዲአይዲው ቁጥር ስንት እንደመጣ ጻፍልኝ።