ቀረፋን ያለ አሴቶናይትራይል መመርመር፦ የአዳማ ጥያቄና መልስ

ይህ የጥያቄና መልስ ምሽት በአዳማና በአካባቢዋ ላሉ የቤተ ሙከራ ሠራተኞች፣ የኬሚስትሪ ተማሪዎችና የቅመም ነጋዴዎች ክፍት ነው። መላሹ ዕድሜያቸውን በምግብ ምርመራ ቤተ ሙከራ ያሳለፉ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አባላችን ናቸው። ርዕሳችን በቀረፋ ውስጥ ያሉትን ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች፣ በተለይ ሽታውን የሚሰጠውን ሲናማልዲሃይድንና ሲበዛ ለጤና የሚያሰጋውን ኩማሪንን፣ አካባቢን በማይጎዳ መንገድ መለካት ነው። ስማችሁን ሳይሆን ሙያችሁን ጻፉ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? የመመረቂያ ሥራዬ በቀረፋ ላይ ነው። አማካሪዬ «አረንጓዴ ዘዴ ተጠቀሚ» ብለውኛል። ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ እንደምን አመሸሽ ልጄ። ከቆሻሻ ጠርሙሱ ጀምሪ። ሁሉም የሚያየው የኤች ፒ ኤል ሲውን፣ ማለትም ንጥረ ነገሮችን ለይቶ የሚለካውን ማሽን፣ ስክሪን ነው፤ ከማሽኑ ሥር የተቀመጠውን ጠርሙስ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። እስኪ እናስላው። ማሽኑ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር እየገፋ ለአንድ ናሙና 30 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንቺም 40 ጊዜ ናሙና ብታስገቢ፣ 1200 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ጠርሙሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ግማሹ አሴቶናይትራይል የሚባለው የተለመደው ሟሚ ከሆነ 600 ሚሊ ሊትር መርዝ አተረፍሽ ማለት ነው። አሴቶናይትራይል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሳያናይድ ይለወጣል። ይህ ሁሉ የፈሰሰው ጥቂት ግራም ቅርፊት ለመመርመር ነው።

ስለዚህ አሴቶናይትራይሉን በኢታኖል፣ በተራው አልኮል፣ ተኪ። «ኢታኖል ለዩቪ (ማሽኑ ለሚለካበት የማይታይ ብርሃን) አይመችም» የሚሉሽን አትስሚ። ኢታኖል ብርሃን የሚውጠው ከ210 ናኖሜትር በታች ነው፤ ሲናማልዲሃይድን የምታነቢው በ290፣ ኩማሪንን በ280 አካባቢ ነው። አይነካኩም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ኢታኖልና ውኃ ሲቀላቀሉ ለየብቻቸው ከነበሩበት ይበልጥ ይወፍራሉ፤ ግማሽ በግማሽ ሲጠጉ ደግሞ ይብስባቸዋል። ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ፓምፑ ይጮኻል፣ ሰዉም ተስፋ ቆርጦ ወደ አሴቶናይትራይል ይመለሳል። ኮለሙን፣ ንጥረ ነገሮቹ የሚለያዩበትን ቱቦ፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ አሙቂው፣ ፍሰቱን ዝቅ አድርጊው፤ ይሠራል።

ኮለም የመምረጥ ዕድል ካለሽ ደግሞ 4.6 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለውን ትተሽ 2.1ዱን ውሰጂ። ፈሳሹ የሚያልፍበት ክብ ስፋት (ኤሪያው) አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ፍሰቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ያ 1200 ሚሊ ሊትር ወደ 250 ይወርዳል። ማገናኛ ቱቦዎቹ ግን ቀጫጭን መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ፒኩ፣ ስክሪኑ ላይ ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚታየው ጉብታ፣ ተንሰራፍቶ ይወጣል።

ናሙና አዘገጃጀት ላይ ደግሞ ሶክስሌቱን እርሺው። 200 ሚሊ ሊትር ሟሚ እያፈሉ፣ ለማቀዝቀዣው የቧንቧ ውኃ ሲያፈሱ ውለው «አረንጓዴ» ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው። ግማሽ ግራም ዱቄት፣ 10 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ ኢታኖል፣ ክዳኑ የገጠመ ብልቃጥ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በአልትራሳውንድ መታጠቢያ። ይበቃል። መታጠቢያው እየቆየ ስለሚሞቅ ውኃውን ቀይሪ፤ ኢታኖል ተቀጣጣይ ነው፤ አጠገቡ እሳት አይኑር።

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ቀረፋ እንዴት ነው የሚመረመረው?

ጋሼ፦ የትኛው ቀረፋ? ምኑ? በምን መሣሪያ? ጥያቄውን ጨርሰህ ጻፍ።

የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን፦ በኢታኖሉ እስማማለሁ። አሴቶናይትራይል ለማስመጣት የውጭ ምንዛሬ ስንጠብቅ ሥራ ይቆማል። ኢታኖል ግን ወንጂ አጠገባችን አለ።

የስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ፦ ወንጂ የሚታወቀው በስኳር ነው ልጄ። ኢታኖል ከሞላሰስ፣ ከስኳር ምርት ከሚተርፈው ዝልግልግ፣ ሲያወጡ የማውቃቸው ፊንጫና መተሃራ ናቸው።

የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን፦ ያው አንድ ዘርፍ ነው፤ ሸንኮራ ካለ ሞላሰስ አለ።

የስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ፦ አንድ አይደለም። ሞላሰስ መኖሩና የአልኮል ማጣሪያ ፋብሪካ መኖሩ ይለያያል። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. በሆላንዶቹ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ሥራ ሲጀምር የተተከለው ስኳር ለማምረት ነው።

የወንጂ ልጅ፦ ወንጂን አትናቁ! የሀገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ ነው።

የስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ፦ ማን ናቀ? ዕድሜዬን የበላሁበት ቦታ ነው እኮ።

ጋሼ፦ ወንጂን የነካ የለም፤ ወደ ቀረፋው። የቴክኒሺያኑ ሐሳብ ግን ተገቢ ነው። አሴቶናይትራይል ራሱን ችሎ የሚመረት ነገር አይደለም፤ አክሪሎናይትራይል ሲመረት የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የአክሪሎናይትራይል ገበያ ሲቀዘቅዝ ሀብታሞቹ አገሮች ጭምር ለቤተ ሙከራቸው አጥተውት ነበር። ዘዴያችሁን በእንዲህ ያለ ነገር ላይ አታስሩት።

ነገር ግን ያገኛችሁትን አልኮል ሁሉ ማሽን ውስጥ አትጨምሩ። እንዳይጠጣ ሌላ ኬሚካል የተቀላቀለበት አልኮል ሊኖር ይችላል፤ አሴቶን ወይም ተመሳሳይ ነገር ካለበት በ280 ላይ ያለውን ንባብ ያበላሸዋል። የእጅ ማጽጃ አልኮል ግሊሰሪን አለው፤ አይሆንም። በሀገር ውስጥ የሚገኘውን ቴክኒካል ኢታኖል በመስታወት ማጣሪያ አንጥሩት፣ ከዚያም ያለ ናሙና ባዶውን አስነብቡት። ባዶው ላይ ፒክ ካለ አትጠቀሙበት። ባዶ ሳታስነብቡ ውጤት አታምጡልኝ።

የቅመም ነጋዴ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ማሽን የለኝም። ገበያ ላይ «የሲሎን ነው» ተብሎ የሚሸጥልኝን ቀረፋ እንዴት ልለየው?

ጋሼ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሳይፈጭ ግዢ፤ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። የሲሎኑ ቅርፊት ስስ ነው፤ ብዙ ድርብርብ ሆኖ ተጠቅልሎ ይታያል፣ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ሌላው የቀረፋ ዓይነት፣ ካሲያው፣ አንድ ወፍራም ጠንካራ ቅርፊት ነው፤ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ይጠመዘዛሉ፣ ለመስበርም ያስቸግራል። ከተፈጨ በኋላ ግን ዓይንም አፍንጫም አያስተማምኑም።

የባልትና ውጤት ሻጭ፦ አዮዲን ጠብ ሲያደርጉበት ሰማያዊ ከሆነ ዱቄት ተቀላቅሎበታል ይባላል።

ጋሼ፦ ይባላል። ቀረፋ ራሱ ስታርች አለው። በዚህ ሰው እንዳትወነጅሉ።

የጤና መኮንን፦ ኩማሪን ጉበት ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው? እናቶቻችን ሻይ ውስጥ ሲጥሉት ኖረዋል፤ ማን ታመመ?

ጋሼ፦ ልኩን ተመልከት። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ያስቀመጠው የዕለት ገደብ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ካሲያው በግራም 3 ሚሊ ግራም ኩማሪን ቢኖረው፣ 2 ግራም ዱቄት ገደቡን ሞላ። በሲሎኑ ውስጥ ግን ኩማሪን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሻይ ማንቆርቆሪያ ለቤተሰብ የምትጣል አንዲት ቁራጭ ሌላ፣ በየቀኑ በማንኪያ መቃም ሌላ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ለስኳር በሽታ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ ውሰጂ ብለውኝ ነበር። ልተወው?

ጋሼ፦ እኔ የምለካ እንጂ የማክም ሰው አይደለሁም። ሐኪምሽን ጠይቂ፤ የምትወስጅውንም ይዘሽለት ሂጂ።

የሻይ ቤት ባለቤት፦ ቀረፋ ከመጀመሪያው ከውኃው ጋር መፍላት አለበት፤ በኋላ የተጨመረ አይጣፍጥም።

የባልትና ውጤት ሻጭ፦ የለም፤ ከመጀመሪያው ሲፈላ ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል። ክዳን ከሌለውማ ምን ቀረው?

የሻይ ቤት ባለቤት፦ ደንበኞቼ ይመስክሩ!

ጋሼ፦ ስለ እንፋሎቱ የባልትናዋ እህታችን ልክ ናት። ሲናማልዲሃይድ ከውኃ እንፋሎት ጋር አብሮ ይወጣል፤ የቀረፋ ዘይት የሚጣራውም በዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ ነው ናሙና ስታደርቁና ስትፈጩ አታሙቁ የምለው። ስለ ሻዩ በዚህ ይብቃን።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦ ከሁሉም አረንጓዴው ውኃ አይደለም? ለምን በውኃ ብቻ አናወጣውም?

ጋሼ፦ ሞክረሽው ይሆን? የቀረፋ ዱቄት በውኃ ሲዘፈዘፍ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። 0.45 ማይክሮን ማጣሪያው ላይ ሲደርስ ሲሪንጁ አልገፋም ይላል፣ አንዱ ማጣሪያ ይደፈናል፣ ሁለተኛው ይደፈናል፣ ሁሉም የሚጣል ፕላስቲክ ነው። አረንጓዴነቱ የት አለ? ሲናማልዲሃይድም በውኃ በደንብ አይሟሟም። 70 በመቶ ኢታኖል ዝልግልጉን እዚያው ጥሎ የምንፈልገውን ያወጣል። መጀመሪያ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሪው፤ ማጣሪያም ትቆጥቢያለሽ።

የዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር፦ ጋሼ፣ የሳሙናውን መንገድ ዘነጉት። በሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት፣ እንደ ሳሙና በሚሠራው ኬሚካል፣ ማይሴል (ውኃ ውስጥ የሚሰባሰቡ ጥቃቅን ኳሶች) ከሠራን ኢታኖልም ቢሆን ጥቂት ብቻ ነው የሚያስፈልገን።

ጋሼ፦ አልዘነጋሁትም፤ አልወደውም። ይሠራል። ነገር ግን ከሥራ በኋላ ኮለሙን ለማጠብ የምታፈሰውን ፈሳሽ ቁጠረው፤ ፒኩም ሰፋ ብሎ ይመጣል።

የዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር፦ ጥቂት አልኮል ቢጨመርበት ፒኩ ይስተካከላል። እጥበቱም በቀን አንድ ጊዜ ነው።

ጋሼ፦ ለናሙና ብዛት ከሆነ እሺ። በሳምንት ሦስት ናሙና ለሚሠራ ቤት አይበጅም።

ሌላ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ በአሴቶናይትራይል ምትክ ምን መጠቀም ይቻላል?

ጋሼ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ።

የግል ኮሌጅ መምህርት፦ እኛ ያለን ዩቪ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ናሙናው የሚውጠውን ብርሃን ሳይለይ የሚለካው መሣሪያ፣ ብቻ ነው። ኩማሪንን በእሱ መለካት እንችላለን?

ጋሼ፦ አትችሉም። ኩማሪን፣ ሲናማልዲሃይድ፣ ሲናሚክ አሲድ፣ ኢውጀኖል፣ ሁሉም እዚያው 280 አካባቢ ብርሃን ይውጣሉ፤ የምታነቢው ድምሩን ነው። ካሲያ ላይ ሲናማልዲሃይዱ ስለሚበዛ እሱን በግምት ትናገሪ ይሆናል፤ ኩማሪንን ግን በፍጹም። በቅርንፉድ የተቀላቀለ የሻይ ቅመም ከሆነማ ኢውጀኖሉ የቅርንፉዱ ነው፤ ስለ ቀረፋው ምንም አይነግርሽም።

ይልቅ ስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ፣ ንጥረ ነገሮችን በንጣፍ ላይ የሚለየውን ዘዴ፣ አስተምሪያቸው። ርካሽ ነው፣ ለአንድ ንጣፍ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሄክሴኑን ትተሽ ሄፕቴንና ኢታይል አሲቴት ተጠቀሚ፤ ሄክሴን ነርቭ ይጎዳል። ንጣፉ ከደረቀ በኋላ በኢታኖል የተሟሟ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ እርጪበትና ጨለማ ክፍል ውስጥ 365 ናኖሜትር መብራት ሥር አስቀምጪው። ኩማሪኑ ያለበት ነጥብ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብርሃን ይሰጣል። ሃይድሮክሳይዱ የኩማሪንን ቀለበት ይከፍተዋል፣ የመብራቱ ጨረር ደግሞ ቅርጹን ይለውጠዋል፤ የሚያበራው ያ ነው። አጠገቡ የንጹሕ ኩማሪን ነጥብ ካላደረግሽ ግን ምንም አላየሽም። የምትረጪው ነገር ዓይን ያሳውራል፤ መነጽር ያላደረገ ተማሪ አታስገቢ።

የኬሚስትሪ ተማሪ፦ ቆሻሻው ኢታኖል ብቻ ከሆነ ቧንቧ ውስጥ ቢደፋ ምን ችግር አለው?

ጋሼ፦ ይቀጣጠላል። ውስጡም ናሙናው፣ አሲዱና ስታንዳርዱ (ለማነጻጸሪያ የሚገባው ንጹሕ ንጥረ ነገር) አሉ። ቧንቧ ውስጥ አትድፉ። ጠርሙስ ላይ ስምና ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቧንቧ ውስጥ አትድፉ።

የመጀመሪያዋ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ዘዴዬን በአግሪ፣ የዘዴን አረንጓዴነት በሚመዝነው መመዘኛ፣ ስሞላው 0.78 ሰጠኝ። ጥሩ ነው?

ጋሼ፦ አግሪ ከ0 እስከ 1 ይሄዳል፤ ቁጥሩ አያሳፍርም። ኢኮ ስኬል የሚባለው ደግሞ ከ100 እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ75 በላይ ከሆነ በጣም ጥሩ ይሉታል። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። የምታውቂውን መጠን ሲናማልዲሃይድ ናሙናው ላይ ጨምረሽ ስንት በመቶውን መልሰሽ አገኘሽ?

የመጀመሪያዋ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ እሱን ገና አልሠራሁትም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ምን ልትመዝኚ ነው ልጄ? መመዘኛው ሟሚውን፣ ኃይሉንና ቆሻሻውን ይቆጥራል እንጂ ልክሽ ትክክል መሆኑን አያይም። የተሳሳተ ውጤት በትንሽ ሟሚ ቢገኝም ሥራው ይደገማል፤ ሲደገም ቆሻሻው እጥፍ ነው። መጀመሪያ ልኩ፣ ከዚያ ነጥቡ። ሰሞኑን የማያቸው ጽሑፎች የአግሪን ባለቀለም ክብ ሥዕል አስቀድመው የካሊብሬሽን መስመሩን፣ የልኩን መሠረት፣ መጨረሻ ላይ ይደብቁታል።

የቅመም ነጋዴ፦ በቀረፋ ውስጥ እርሳስ ተገኘ ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ ዘዴ ያሳያል?

ጋሼ፦ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት የተፈጨ ፖም ላይ የተገኘው ከቀረፋው ጋር የገባ እርሳስና ክሮሚየም ነበር። እሱ አቶሚክ አብዞርፕሽን ወይም ተመሳሳይ፣ ብረት የሚለካ መሣሪያ ይፈልጋል። ከልክ በላይ የደመቀ ዱቄት አትግዢ።

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ቀረፋ ላይ ምን ዓይነት ምርምር ቢሠራ ይሻላል?

ጋሼ፦ ዛሬ ምን ነካችሁ? አማካሪህን ጠይቅ።

የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ፦ ካሲያ፣ 0.5 ግራም፣ 10 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ ኢታኖል። ሲ18 ኮለም፣ 15 ሴንቲ ሜትር፣ 45 ዲግሪ፣ 35 በመቶ ኢታኖል በውኃ፣ 280 ናኖሜትር። ሲናማልዲሃይዱ ብቻውን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ኩማሪኑና ሲናሚክ አሲዱ ግን ይደራረባሉ፣ ቦታቸውም ከቀን ቀን ይንሸራተታል። ውኃው ላይ አሲድ አልጨመርንም።

ጋሼ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! መልሱ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርህ ላይ አለ። የሲናሚክ አሲድ ፒኬኤ፣ ግማሹ ቻርጅ የሚይዝበት ፒኤች፣ 4.4 አካባቢ ነው። አሲድ በሌለው ውኃ ውስጥ ገሚሱ ቻርጅ ይዞ ገሚሱ ሳይዝ ስለሚጓዝ ቀድሞ ይወጣል፣ አንድ ቦታም አይረጋም። ውኃው ላይ 0.1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ጨምር፤ ፒኤቹ ወደ 3.3 ይወርዳል፣ ሲናሚክ አሲዱ ወደ ኋላ ይቀርልሃል፣ ኩማሪኑ ቦታውን ይዞ ይቀራል። ፎስፌት በፈር እንዳትጠቀም፤ ኢታኖል ሲበዛበት ጨው ሆኖ ይረግፍና ፓምፑን ይበላዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ተመልከት። የሲናማልዲሃይድ ስታንዳርድህን ጠርሙስ ክፈትና አንገቱን እይ። ነጫጭ ፍሬ ነገር ከጋገረበት አየር ነክቶት ወደ ሲናሚክ አሲድ እየተለወጠ ነው፤ ያኔ የምትለካው አሲድ ከቀረፋው ይሁን ከጠርሙሱ አይታወቅም። አዲስ ክፈት፣ ከፋፍለህ በትናንሽ ብልቃጥ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥ። ይህን ሁሉ አድርገህም ካልተለያዩ ኢታኖሉን ከ35 ወደ 30 በመቶ አውርድና ግፊቱ ስንት ላይ እንደቆመ ጽፈህ ተመለስ።