የእማዬ ስቴንትና የአጎቴ ስቴንት

እህቴ፣ «እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ ስቴንት እንዲገባላት ለአዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላታል። ሴት ላይ ከወንድ ይልቅ ይከፋል ሲሉኝ ፈራሁ» ብለሻል። ስቴንት ማለት የጠበበ የልብ ደም ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን እማዬንም አጎቴንም በአንድ ዓመት ውስጥ ከጅማ ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ያኔ እማዬ 71፣ አጎቴ 54 ነበሩ።

አጎቴ እዚያው ጅማ መርካቶ ሱቁ ውስጥ ደረቱን ይዞ ቁጭ ሲል ጎረቤት ሁሉ ተሯሩጦ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰው። እማዬ ግን ለወራት «ደከመኝ፣ ትከሻዬን ያዘኝ» ስትል ብርድ ነው ተባለች። ፌጦ ጠጣች። ቀጥሎ ጨጓራ ነው ተባለና የጨጓራ መድኃኒት ዋጠች። አንድ እሁድ ቡና እየቆላች ድንገት በርጩማዋ ላይ ዘፍ አለች። ቡናው እያረረ ዝም ብላ ታየዋለች። እማዬ ቡና አሳርራ አታውቅም! የነቃነው ያኔ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ በጥሬ ቁጥር ከታየ ከስቴንትም ከባይፓስም (ደሙ የተዘጋውን ቧንቧ አልፎ እንዲሄድ ሌላ መንገድ ከሚሠራበት የልብ ቀዶ ጥገና) በኋላ ሞትም መድማትም ሴቶች ላይ በዛ ይላል። ግን ሴቶች እዚያ የሚደርሱት ከወንዶቹ በዕድሜ ገፍተው፣ ብዙ ጊዜም ስኳርና ግፊት ይዘው ነው። የደም ቧንቧቸውም ቀጠን ይላል። ይህ ሁሉ ታስቦ ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጠባል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ልዩነቱ የሚሰፋው በዕድሜ የገፉት ላይ ሳይሆን ወጣቶቹ ላይ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ51 ሺህ በላይ የባይፓስ ታካሚዎችን አይቶ ነበር። ከ50 ዓመት በታች ካሉት ውስጥ ሆስፒታል እያሉ የሞቱት ሴቶች 3.4 በመቶ፣ ወንዶች 1.1 በመቶ ናቸው። ዕድሜ ሲጨምር ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ለእናትሽ ከሴትነቷ ይልቅ ዕድሜዋን አስቢ። የ45 ዓመት ጎረቤትሽ ደረቴን ካለችሽ ግን «ገና ልጅ ናት» ብለሽ እንዳታልፊያት።

ዕድሜዋን አስቢ ስልሽ ኩላሊትና መድማት ማለቴ ነው። ለምርመራው የሚወጋው ቀለም ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል የኩላሊት ምርመራዋ አስቀድሞ መታየቱን ጠይቂ። «በእጅ ነው በእግር የምትገቡት?» ብለሽም ጠይቂ፤ ስቴንቱ የሚገባው በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ባለ የደም ቧንቧ በኩል ነውና። በእጅ አንጓ ሲሆን መድማቱ ይቀንሳል። አጎቴ በእጅ ተሠርቶለት በማግስቱ ኮሪደር ላይ ሲንጎራደድ ነበር። የእማዬ የእጅ ቧንቧ ቀጭን ሆኖ ተኮማተረባቸውና በብሽሽት ገቡ። ጠዋት አንሶላውን ስገልጥ ጭኗ እስከ ጉልበቷ ድረስ በልዟል። ደነገጥኩ። ደግነቱ በሁለት ሳምንት ጠፋ። እኛ ለመመለስ አልቸኮልንም፤ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ያውም የጊቤ ቁልቁለት ያለበት፣ እንዲህ ላለ ጭን አይሆንም።

የባሰው ቤት ከገባን በኋላ ነው። አጎቴን ሚስቱ ጨው የሌለው ምግብ እየሠራች፣ ክኒኑን በሰዓቱ እያቀረበች አስታመመችው። እማዬን ሊጠይቋት የመጡት «እግዜር ይማርሽ» ብለው ይቀመጣሉ፤ እሷ ተነስታ ቡና ታፈላላቸዋለች! በሳምንቷ! ሕክምናው ላይ ካየሁት ልዩነት ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል። አስቀድመሽ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ ተነጋገሩ።

ክኒኑንም ተከታተይ። ደም እንዳይረጋ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ይታዘዛሉ። እማዬን የልብ ሕመም ድንገት ጥሏት ስለነበር ለ12 ወር ነው የተባለችው። ያለ ሐኪም ፈቃድ ከተቋረጠ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። እሷ ግን ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ ደማና ፈርታ፣ ለማንም ሳትነግር አቆመች። ክኒኖቹን ረከቦቱ ሥር አገኘኋቸው፤ ዘጠኝ ፍሬ። ለሐኪሟ ደወልን፤ ቀጥይ አላት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እቆጥራለሁ። «ልጅ አደረግከኝ» ብላ ትቆጣኛለች። ትቆጣ።