ፕሪአምፕሊፋየር ገጠምን፣ ጭራሽ ባሰበት

ጥያቄ፦ የድርጅታችን ቪኤችኤፍ ሪፒተር (የሬዲዮ ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፈው መሣሪያ) ከደብረ ሲና በላይ ተራራ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያሉ ሾፌሮቻችን ድምፃቸው እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ከአንቴናው የመጣውን ሞገድ ሪሲቨሩ (መቀበያው) ጋ ሳይደርስ 20 ዲሲቤል የሚያጎላ ፕሪአምፕሊፋየር አስገጠምን። አሁን በፊት የሚሰሙትም ጠፉ። አልፎ አልፎ የማናውቃቸው ሰዎች ወሬ ይገባብናል። ጎናችን የሌሎች መሥሪያ ቤቶች አንቴናዎች አሉ። ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ፣ ዕቃው ሥራውን ነው የሠራው። ፕሪአምፕሊፋየር የአንተን ሾፌር ከጎረቤት ማሰራጫ አይለይም፣ የመጣለትን ሁሉ 20 ዲሲቤል፣ ማለትም 100 እጥፍ ያጎላል። ጎረቤትህ አጠገብህ ሆኖ እየጮኸ ሲጎላ ሪሲቨሩ ይደነቁርና ደካማውን ሾፌር አይሰማም። ይባስ ብሎ ሁለት ጠንካራ ሞገዶችን አደባልቆ ያልነበረ ሦስተኛ ይፈጥራል፦ አንዱ በ155፣ ሌላው በ154 ሜጋኸርዝ ቢያስተላልፉ፣ ማንም በሌለበት 156 ላይ ወሬያቸውን ትሰማለህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ንቀለው። ወሬው ከቀጠለ አንቴናውና ሪሲቨሩ መሃል ባለ 3 ዲሲቤል አቴኑዌተር (ሞገዱን የሚቀንስ ዕቃ) አስገባና አዳምጥ። ጣልቃ ገቡ ወደ 9 ዲሲቤል ከወረደ የተፈጠረው እዚያው ሪሲቨርህ ውስጥ ነው፣ ፊልተር (ማጣሪያ) ያድንሃል። 3 ብቻ ከወረደ ግን ከውጭ ተሠርቶ የመጣ ነው። ያኔ ከጎረቤት ማሰራጫ ወይም ከዛገ የታወር ብሎንና የአጥር ሽቦ ሊሆን ስለሚችል፣ አንተ ጋ የፈለከውን ፊልተር ብትደረድር አይጠፋም፣ ከጎረቤቶችህ ጋር ቡና ጠጥታችሁ ተነጋገሩ።

የምትገዛው ፊልተር የምትቀበልበትን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ያ ቆርቆሮ የሚመስለው ካቪቲ ነው። ከፕሪአምፕሊፋየሩ በፊት ይግባ። ከኋላ ማስገባት ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፣ ፕሪአምፕሊፋየሩ ራሱ ቀድሞ ስለሚደነቁር። 1 ዲሲቤል ገደማ ይበላብሃል፣ ይብላ።

የራስህንም ማስተላለፊያ እየው። ደካማ ድምፅ እየሰማህ ማስተላለፊያውን አብራ አጥፋ። ሲበራ ድምፁ በጫጫታ ከተዋጠ ዱፕሌክሰሩ (ማስተላለፊያውና መቀበያው በአንድ አንቴና ሲሠሩ የሚለያያቸው ዕቃ) ከልኩ ወጥቷል ወይም ኮኔክተር ውስጥ ውሃ ገብቷል። በዚያ ጉም ደግሞ ውሃ ባይገባ ነው የሚገርመው! በሶላር የምትሠሩ ከሆነና ጫጫታው ቀን ቀን ብቻ ከሆነ ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ጠርጥር፣ ፓነሉን ነቅለህ ስማ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፕሪአምፕሊፋየሩን መልስ። 10 ዲሲቤል ይበቃል፣ የተረፈውን ከኋላው በአቴኑዌተር ቀንሰው። ማስተላለፊያውና መቀበያው በአንድ አንቴና ከሆኑ ደግሞ ቦታው ዱፕሌክሰሩና ሪሲቨሩ መሃል ነው። ዱፕሌክሰሩና አንቴናው መሃል ካስገባኸው የማስተላለፊያው ኃይል በሙሉ በላዩ ያልፍበትና መጀመሪያ እንደተነጋገራችሁ ይቃጠላል።