ከመስጠታችሁ በፊት ፔሮሉን እዩ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ከቅዳሴ በኋላ ጠብቃ አገኘችኝ። "ጋሼ፣ ስለ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ አስተምህሮ ብዙ ተምረናል። ሰብዓዊ ክብር፣ የጋራ ጥቅም፣ ለድሆች ቅድሚያ መስጠት... ሁሉንም በቃላችን እናውቃለን። ግን እዚህ ቁምስናችን ውስጥ፣ በአጥቢያችን፣ ከየት ነው የምንጀምረው?" አለችኝ። ቆሜ የመጣልኝን መለስኩላት። ማታ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምትጠይቁ ሁሉም ይህችን ጻፍኩ።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ከ30 ዓመት በላይ መዝገብ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ የአንድ ቁምስና የእርዳታ ኮሚቴን ሒሳብ በነፃ እይዝ ነበር። እዚያ ያየሁትን፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እያየሁ ያለፍኩትን ነው የምነግራችሁ።

በየዓመቱ መጨረሻ ለችግረኛ ቤተሰቦች ገንዘብ እናድል ነበር። የስም ዝርዝሩ በኮሚቴው ታይቶና ተፈርሞበት ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ድምሩን አረጋግጬ ክፍያውን አዘጋጃለሁ። አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገና የጨረሰ ልጅ እንዲያግዘኝ ተመደበ። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ ብዙ ቆየ። አንዱ የእርዳታ ዝርዝሩ ነው፣ ሌላው የቁምስናው ሠራተኞች ፔሮል፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር። ከዚያ አንድ ጣቱን አንዱ ላይ፣ ሌላ ጣቱን ሌላው ላይ አድርጎ ቀና አለና "ይህቺ ሴትዮ ሁለቱም ላይ አለች" አለኝ።

የጽዳት ሠራተኛችን ነበረች። በየወሩ ደመወዝ እንከፍላታለን፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ "ችግረኛ" ብለን እንረዳታለን። ለስድስት ዓመት እንዲህ ሆኗል። ስድስቱንም ዓመት ድምሩን አረጋግጬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሒሳቡ አንዲት ሳንቲም አልጎደለበትም። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልብ በሉት እንግዲህ። ይህቺ ሴት ሥራ ፈትታ አይደለም የተቸገረችው። በየጠዋቱ እየመጣች እኛው ዘንድ ትሠራለች። ሊከፈላት የሚገባውን አሳንሰን ይዘን፣ ካስቀረነው ላይ ቆንጥረን በዓመት አንድ ጊዜ በፖስታ እንሰጣታለን። እሷ በሁለት እጇ ተቀብላ ታመሰግናለች፣ እኛም ደስ ብሎን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኛም ነው።

በኋላ ሳነብ ቤተ ክርስቲያን ይህንን ቀድማ አይታዋለች። ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ጳጳሳት ያካሄዱት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምዕመናን አገልግሎት ባወጣው ሰነድ፣ ቁጥር 8 ላይ፣ መጀመሪያ የፍትሕ ግዴታ ይፈጸም ይላል። በፍትሕ ለሰው የሚገባው ነገር የበጎ አድራጎት ስጦታ ተደርጎ እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃል። የችግሩን ውጤት ብቻ ሳይሆን መነሻውንም አስወግዱ፣ የሚረዳው ሰው ቀስ በቀስ ከጥገኝነት እንዲወጣ አድርጋችሁ እርዱ ብሎም ይጨምራል። ይህቺን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቧት። እኔ ከሁሉም ሰነዶች አንድ ገጽ ብቻ ያዝ ብባል እሷን ነው የምይዘው።

ጉዳዩን ወደ ኮሚቴው ስናቀርበው ቀላል አልነበረም። ክፉ ሰው አልነበረም እዚያ፤ ሁሉም ጊዜውን ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሰው ነው። ግን አንዱ "እሷ እኮ ተስማምታ ነው የተቀጠረችው፣ ማንም አላስገደዳትም" አለ። ብዙዎቹም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። እናንተም ይህንን ክርክር ትሰሙታላችሁ፣ ስለዚህ መልሱን ያዙት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1891 ባወጡት ሬሩም ኖቫሩም በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ ክርክር አንስተው መልሰውለታል። ከስምምነት በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍትሕ አለ፣ ደመወዝ ሠራተኛውን በአግባቡ ሊያኖረው ይገባል ይላሉ። ሰው ችግር አስጨንቆት ወይም የባሰ እንዳይመጣበት ፈርቶ በከፋ ሁኔታ ለመሥራት እሺ ካለ፣ ያ የግፍ ሰለባ መሆን ነው። እንግዲህ ይህ የተጻፈው የፋብሪካ ሠራተኛ ከጠዋት እስከ ማታ በሚማቅቅበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረጡት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛም ስማቸውን የመረጡት በዋናነት በዚያ መልእክት ምክንያት እንደሆነ ተናግረዋል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምክንያት በሰው ክብርና በሥራ ላይ የሚመጣውን ፈተና አስበው። ስለዚህ ጉዳዩ ያረጀ አይደለም፣ የእናንተ የራሳችሁ ነው።

በመጨረሻ ኮሚቴው ደመወዟን ለመጨመር ተስማማ። እኔ ወዲያው ካልኩሌተሬን አወጣሁ። ያው ልጅ ግን "መጀመሪያ እሷን ብንጠይቃትስ?" አለ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ማናችንም አላሰብነውም።

ጠራናት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ የተባረረች መስሏት ነበር። "ምን ቢስተካከል ይሻልሻል?" አልናት። እኔ ገንዘብ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ ቆየችና "መቼ እንደምትፈልጉኝ ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ" አለች። ለካ የሥራ ሰዓቷ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ የሚነገራትም ዋዜማውን ማታ በስልክ ነው። በዚህ ምክንያት ሌላ ተጨማሪ ሥራ መያዝ አልቻለችም፣ ልጆቿን የሚጠብቅላት ሰውም ቁርጥ አድርጋ መቅጠር አትችልም። ገንዘቡን ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ለማስተካከል የጠየቀን ወጪ አንድ ወረቀትና ግድግዳ ላይ መለጠፊያ ነበር።

ስድስት ዓመት ሙሉ ስንሰጣት የኖርነው ገንዘብ ይህንን አልነካውም። ስላልጠየቅናት።

ማየት፣ መመዘን፣ ማድረግ የሚባለውን መንገድ ሰምታችሁ ይሆናል። ያመጣው ጆሴፍ ካርዲን የሚባል የቤልጂየም ካህን ነው። ከሠራተኛ ቤተሰብ የተወለደ ነበር። እሱ ለክህነት ሲማር የልጅነት ጓደኞቹ ፋብሪካ ገቡ፣ ሲመለስ ደግሞ ከሀብታሞቹ ጋር እንደወገነ ቆጥረው ጀርባቸውን ሰጡት። ያ ሐዘን ከልቡ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1925 የክርስቲያን ወጣት ሠራተኞችን ንቅናቄ መሠረተ። ወጣቶቹ ራሳቸው የሥራ ቦታቸውን ሁኔታ ያያሉ፣ በወንጌል ይመዝኑታል፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርጉ ይወስናሉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 በመልእክታቸው ይህንኑ መንገድ አጽድቀው ለሁሉም አስተላልፈውታል። እኔ ግን አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። አብዛኞቻችን "ማየት" የምትለዋን በአንድ ስብሰባ እንጨርሳትና ወደ "ማድረግ" እንሮጣለን። ወጣቶች ስትሆኑማ ይብሳል፣ ጉልበቱ አለ። እባካችሁ አትሩጡ። ማየቱ ላይ ወራት ቢፈጅባችሁም ግድ የለም።

እንዴት ነው የሚታየው ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1833 ፓሪስ ውስጥ የነበረውን ፍሬደሪክ ኦዛናምን አስቡት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ 20 ዓመቱ። በክርክር መድረክ ላይ ስለ ክርስትና ሲሟገት "ክርስትና ድሮ ታላቅ ነገር ሠርቷል፤ ዛሬ እናንተ ለድሆች ምን ታደርጋላችሁ?" የሚል ጥያቄ ቀረበለት። ጥያቄው አመመው። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ዛሬ ከ150 በሚበልጡ ሀገሮች ያለውን የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር ጀመረ። ግን ልምድ አልነበራቸውም፣ ስለዚህ ወደ ሲስተር ሮዛሊ ሮንዱ ሄዱ። ይህቺ መነኩሲት በከተማዋ ድሃ ሰፈር ለአሥርት ዓመታት የኖረች ናት። ወደ የትኛው ቤት እንደሚሄዱ፣ ገብተውም እንዴት ተቀምጠው እንደሚያዳምጡ አስተማረቻቸው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሰፈሩን የምታውቅ አንዲት ሴት ፈልጉ፤ የሌለችበት ሰፈር የለም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ፎቶ አታንሱ። በመጀመሪያው ቀን ምንም ቃል አትግቡ፣ ምክንያቱም የተገባ ቃል ሲታጠፍ ከመጀመሪያውኑ ካለመሄድ ይልቅ ይጎዳል።

ሌላ አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1931 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ የጻፉት መርህ አለ። ታች ያለው ሰው ወይም ትንሹ ማኅበር በራሱ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ፣ ከላይ ያለው አይንጠቀው፣ ይልቅ ይደግፈው የሚል ነው። ሰዎች ይህንን ስለ መንግሥት ብቻ የተባለ ያስመስሉታል። ኮሚቴም እኮ "ላይ" ሊሆን ይችላል። እናቶች ራሳቸው ቁጠባ ሊጀምሩ ሲያስቡ እኛ ደርሰን ሊቀመንበሩን፣ ደንቡን፣ ማኅተሙን ይዘንላቸው ስንመጣ ነጠቅናቸው ማለት ነው። እኔ ይህንን ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሁለቱም ማኅበር ዓመት አልሞላውም።

ገንዘብ የምትይዙ ከሆነ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሁለት ሰው ይፈርም፣ ሒሳቡም በየወሩ በግልጽ ይነበብ። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁ።

ትልልቆቹ የሚያቀዘቅዟችሁ ጊዜ ይመጣል። "እኛ ሞክረነዋል" ይሏችኋል። ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን ንቀትም አታሳዩ። ያ ልጅ እኔን ለማሳፈር ይችል ነበር፣ በስብሰባ መሀል ተነስቶ ስድስት ዓመት ፈርመሃል ሊለኝ ይችል ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን ለብቻዬ አሳየኝና ዝም አለ። የማየት ዕድሉን ለእኔ ሰጠኝ። ዛሬ ድረስ ባገኘሁት ቁጥር እግዚአብሔር ይስጥልኝ እለዋለሁ።

ሴትዮዋ በተከታዩ ዓመት ከእርዳታ ዝርዝሩ ወጣች። ደመወዟ ተስተካከለ፣ ሰዓቷ ተጻፈ፣ ውሏም በወረቀት ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ኮሚቴው ውስጥ ገባች፣ ችግረኛውን ከእኛ ሁሉ የበለጠ ታውቀዋለችና። የመጀመሪያ ስብሰባዋ ላይ ብዙ አልተናገረችም። አጀንዳው አልቆ ልንነሳ ስንል እጇን አወጣችና ጠየቀች። "ሌሊት በሩን የሚጠብቁት አባባ ዕረፍታቸው መቼ ነው?"

ማናችንም አላወቅንም። ተመልሰን ተቀመጥን።