ግድግዳው ሳይለሰን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ሕንፃ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ገርጂ አካባቢ አንድ ጂ+7 ሕንፃ አስተዳድራለሁ። ታች ሱቆች፣ ላይ ቢሮዎችና ሁለት ክሊኒኮች አሉት። ከተሠራ 11 ዓመቱ ነው። ባለቤቱ አሁን ከጎኑ ሌላ ጂ+9 እያስገነቡ ነው። ስትራክቸሩ አልቋል፣ ብሎኬት እየተገነባ ነው። በቅርቡ አንድ ድርጅት መጥቶ ለሁለቱም ሕንፃዎች «ዲጂታል መንትያ» እንሥራላችሁ አለን። ሕንፃውን በትልቅ ስክሪን ላይ እያዞሩ አሳዩን። በጣም ያምራል፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ባለቤቱ «አጥናውና ንገረኝ» ብለውኛል። ምን ልበላቸው?
የሕንፃ አስተዳዳሪ፣ ከገርጂ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለባለቤቱ እንዲህ ይበሏቸው። ዲጂታል መንትያው፣ ማለትም የሕንፃው የኮምፒውተር ቅጂ፣ ለአዲሱ ሕንፃ ይሠራ፤ ሥራው ግን ዛሬ ከሚገነባው ግድግዳ ይጀምር። ስክሪኑ በኋላ ይደርሳል። ለአሮጌው ሕንፃ ሙሉውን መግዛት አያስፈልግዎትም። የፓምፕ ክፍሉንና ዋናውን የመብራት ቦርድ ብቻ ቢያሠሩ ይበቃል።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገርዎ። በ2008 ዓ.ም. የአንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ጥገና በእኔ እጅ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ጣሪያው ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። ስዕሉን አውጥተን አየን። ቧንቧው በሻፍቱ፣ ቧንቧዎች ከፎቅ ፎቅ በሚያልፉበት ክፍተት፣ በኩል ይወጣል ይላል። ሻፍቱን ከፈትን፣ ቧንቧ የለም። ለካ በግንባታው ጊዜ አግዳሚ የኮንክሪት ተሸካሚ መንገድ ዘግቶባቸው በሌላ በኩል አዙረውታል። ስዕሉን ግን ማንም አላረመውም። ሁለት ቀን ሙሉ የሦስት መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ አፈረስን። ክሊኒኩ ተዘጋ። ቀጠሮ የነበራቸው ሰዎች ጉንጫቸውን እንደያዙ ከደረጃው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ቧንቧውን የዘረጋውን ልጅ በስልክ አገኘነው። መጣ፣ አምስተኛ ፎቅ ወጣ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና «እዚህ ጋ ስበሩ» አለ። ሰበርን። እዚያው ነበር።

ያ ልጅ በኋላ ዱባይ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በዓመቱ ሌላ ቦታ ሲፈስ የምንጠይቀው ሰው አልነበረንም። በዚያን ቀን አንድ ሰዓት ቁጭ አድርጌው የሚያውቀውን ሁሉ አለመጻፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ ዲጂታል መንትያ ሲባል እኔ የሚታየኝ ያ ልጅ ነው። የሕንፃውን ውስጥ የሚያውቅ፣ የማይሄድ፣ ሕንፃው በተለወጠ ቁጥር አብሮ የሚለወጥ። ሐሳቡ የመጣው ከጠፈር ሥራ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970 አፖሎ 13 ላይ የኦክስጅን ታንክ ሲፈነዳ፣ መሬት ላይ ያሉት ሰዎች መፍትሔውን መጀመሪያ በማስመሰያ ማሽን ሞከሩት፤ ከዚያ ነው ለጠፈርተኞቹ ያስተላለፉት። እ.ኤ.አ. በ2002 ማይክል ግሪቭስ የተባሉ አሜሪካዊ ይህን መሰል ሐሳብ ለፋብሪካ ምርቶች አቀረቡ። «ዲጂታል ትዊን» የሚለው ስም የተለመደው ግን ቆይቶ በናሳ በኩል ነው። ግሪቭስ ሦስት ነገር ያስፈልጋል ብለው ነበር፦ እውነተኛው ዕቃ፣ በኮምፒውተር ያለው ቅጂ፣ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ መረጃ።

ሦስተኛውን አጥብቀው ይያዙ። ስክሪን ላይ ያዩት የሚያምር ሕንፃ መረጃ ካልተመላለሰበት ፎቶ ማለት ነው። ፎቶም ዋጋ አለው፣ አልንቀውም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ በሦስት አቅጣጫ መዝግቧቸዋል፤ ለቅርስ ጥበቃ ትልቅ ሥራ ነው። ፓሪስ ውስጥ የኖትርዳም ካቴድራል በ2019 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል፣ ከቃጠሎው በፊት በሌዘር የተለካው ልኬት ለመልሶ ግንባታው ረድቷል። ልኬት ግን የተለካበትን ቀን ብቻ ነው የሚነግርዎት። የእርስዎ ሕንፃ ትናንት ማታ ምን እንደሆነ አይነግርዎትም።

ትናንት ማታ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአሮጌውን ሕንፃ ውሃ እንውሰድ። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውስጥ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ያስገቡ። ፓምፑ ላይ መቼ እንደተነሳና ስንት አምፔር እንደሳበ የሚመዘግብ ዕቃ ይግጠሙ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቢሮ ዝግ ነው፣ ክሊኒክ ዝግ ነው፣ ውሃ የሚነካ ሰው የለም። በእነዚያ ሦስት ሰዓቶች ከሮቶው 300 ሊትር ከጎደለ፣ የሆነ ቦታ በሰዓት 100 ሊትር እየፈሰሰ ነው። በቀን 2,400 ሊትር ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ስንት ሰው እንደሚያጠጣ እርስዎ ያውቁታል። ፓምፑም ያው ነው። ለተመሳሳይ ውሃ ከወር ወር የሚሳበው አምፔር እየጨመረ ከሄደ፣ ሳይቃጠል ያስፈትሹት። ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሞልቶ እያለ ከሚቆምብዎት እሁድ ቢፈታ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ዕቃው መረጃውን እዚያው ሕንፃው ውስጥ ይይዛል ወይ? ድርጅቱን ይህን ይጠይቁ። ሁሉንም ነገር ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ብቻ የሚልክ ከሆነ፣ በጣም በሚፈልጉት ሰዓት ባዶ ስክሪን ነው የሚያዩት።

አሁን ወደ አዲሱ ሕንፃ። የምለምንዎት እዚህ ላይ ነው። ቧንቧና የመብራት ኮንዲዩት (ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ) ከተዘረጋ በኋላ፣ ልስን ከመጀመሩ በፊት፣ እያንዳንዱ ግድግዳ ፎቶ ይነሳ። ሜትር ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ፣ የክፍሉ ቁጥርና ቀኑ በጠመኔ ተጽፎ። ጥሩ ስልክ ያለው አንድ ወጣት ይበቃል። እያንዳንዱ ቫልቭ፣ ፓምፕ፣ ብሬከር ቁጥር ይሰጠው። ያው ቁጥር ስዕሉ ላይም ዕቃው ላይም ይጻፍ። ኮንትራክተሩ መስመር ባዞረ ቁጥር አዝ ቢልት ስዕሉ፣ ማለትም በትክክል የተሠራውን የሚያሳየው ስዕል፣ በዚያው ሳምንት ይታረም። በርክክብ ዕለት አርመዋለሁ ካለ እሺ አይበሉት። እስከዚያ ድረስ የሚያስታውሰው ሰው ሌላ ሳይት ሄዷል። በውሉም ላይ ስዕሉና ሞዴሉ (የኮምፒውተሩ ቅጂ) ሳይሟላ ሪቴንሽኑ፣ ከኮንትራክተሩ ክፍያ ለዋስትና የሚያዘው ገንዘብ፣ እንዳይለቀቅ ያድርጉ። ሞዴሉን በአይኤፍሲ ፎርማት ይቀበሉ፤ የማንም ድርጅት ያልሆነ፣ ብዙ ሶፍትዌሮች የሚያነቡት ክፍት ፎርማት ነው። የሴንሰሩ መረጃ ባለቤትም ሕንፃው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ያለበለዚያ ከድርጅቱ ጋር በተለያያችሁ ቀን የሕንፃችሁን ታሪክ ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ ጥያቄ የሰው ነው። ሰዎች ስለ ሶፍትዌር ይጠይቁኛል፣ «ማን ያርመዋል?» ብሎ የጠየቀኝ ግን እምብዛም የለም። ተከራይ ገብቶ በጂፕሰም ክፍል ይከፍላል። የጭስ ጠቋሚው ከጂፕሰሙ ወዲያ ይቀራል። አዲሱ ክፍል ውስጥ ጠቋሚ የለም ማለት ነው፣ ስክሪኑ ላይ ግን አለ። እንዲህ ያለ መንትያ ባይኖር ይሻላል፣ ምክንያቱም ሰው ያምነዋል። ስለዚህ ማንኛውም ተከራይ ግድግዳ ከመትከሉ በፊት ለእርስዎ ያስታውቅ፣ አንድ በስም የተመደበ ሠራተኛ በሳምንቱ ሞዴሉን ያርም። ይህ በሥራ መደቡ ላይ ይጻፍለት፣ ደመወዝም ይታሰብበት።

ነገሩን አካበድሽ እንዳይሉኝ። ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የሚባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል 72 ሰው ሞቷል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እጅ ወቅታዊ የሕንፃው ስዕል አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ2022 በወጣው ሕግ፣ እንግሊዝ ውስጥ 18 ሜትር ወይም ሰባት ፎቅ የሆኑና ከዚያ በላይ የሆኑ የመኖሪያ ሕንፃዎች መረጃቸው ከዲዛይን ጀምሮ በዲጂታል መልክ መያዝና መታረም አለበት። «ወርቃማው ክር» ይሉታል። ሰባት ፎቅ በእኛ አጠራር ጂ+6 ነው። የእርስዎ ሁለቱም ሕንፃዎች ከዚያ ይበልጣሉ፣ አሮጌው ክሊኒክም አለበት። የማይራመድ ሰው የተኛበትን ክፍል፣ የተቆለፈውን ደረጃ፣ የውሃ መስመሩን መዝጊያ እሳት አደጋ ከመድረሱ በፊት የሚነግር ነገር ያስፈልጋል።

ስለ እድሳትና ስለ ማፍረስ አሁን ብዙ አልልም። ዛሬ በትክክል የተመዘገበ ሕንፃ ከ40 ዓመት በኋላ ሲፈርስ የትኛው ብረት፣ የትኛው ኬብል እንደሚወጣ ይታወቃል። ለእርስዎ አሁን አንገብጋቢው ልስኑ ነው።

ጥያቄ፦ የሲቪል ምሕንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቢም (BIM፣ የሕንፃ መረጃ ሞዴል) እና ዲጂታል መንትያ አንድ ናቸው? አንድ ካልሆኑስ የትኛውን ልማር?
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ አይደሉም። ቢም ሕንፃው ምን እንዲሆን እንደታሰበና እንዴት እንደተሠራ የያዘ ሞዴል ነው። መንትያው በዚያ ላይ ሕንፃው አሁን ምን ላይ እንዳለ ይጨምራል። ቢም ካላወቅሽ ወደ መንትያው አትደርሺም፣ ስለዚህ እሱን ተማሪ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። የግቢያችሁን አንድ ሕንፃ ምረጪና ጥገና ክፍሉን አስፈቅደሽ ፓምፕ ክፍሉ ግቢ። ያየሽውን ቧንቧ ሁሉ በእጅሽ ሳዪ፤ ከየት ይመጣል፣ ወዴት ይሄዳል፣ የትኛው ቫልቭ ምን ይዘጋል። የማታውቂውን እዚያ የሚሠሩትን ሰውዬ ጠይቂ። የነገሩሽን ሁሉ ጻፊ፣ ቀኑንም አስፍሪበት። ስዕሉን ስትጨርሺ አንድ ቅጂ ለሳቸው ስጪ።