የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጣሊያንን በ1936 ማቆም ይቻላል ወይ?

በዚህ እትም የቀረቡት ጥያቄዎች ታሪካዊ የስትራቴጂ ጌሞችን በማሳተም የሚታወቀውን የስቶክሆልሙን ፓራዶክስ ኢንተራክቲቭ ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ ሃርትስ ኦፍ አይረን 4 በተባለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጌም ላይ ኢትዮጵያን ይዤ ስጫወት ክረምት ሳይገባ አዲስ አበባ ትያዛለች። ወታደር በብዛት አሠለጥናለሁ፣ ግንባሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እሞላለሁ፤ ያም ሆኖ አልሆነልኝም። (ከአዳማ)

መልስ፦ የሚጎዳዎት ያው በብዛት ማሠልጠኑ ነው። ጌሙ በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 1936 ሲጀምር ጦርነቱ እየተካሄደ ነው፤ ፋብሪካው ጥቂት፣ መጋዘኑም ባዶ ለመሆን የቀረበ ነው። የአዲሱ ክፍለ ጦር ጠመንጃ የሚወጣው ግንባር ላይ የተጎዳው ከሚሟላበት ከዚያው መጋዘን ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሁሉም በግማሽ ትጥቅ ይቀራል። የሎጂስቲክስ ገጹን ይክፈቱ። የጠመንጃው ቁጥር ቀይ ከሆነ ሥልጠናውን ያቁሙና ወታደራዊ ፋብሪካዎቹን በሙሉ ጠመንጃ ላይ ያድርጉ።

ቀጥሎ ግንባሩ። ሠራዊቱን እኩል አይበትኑት። በስተሰሜን በኩል ተራራማ ቦታዎችን መርጠው ይያዙ፤ ተራራ አጥቂውን ክፉኛ ይቀንሰዋል። ክፍለ ጦር ባለበት ሲቆይ በየቀኑ ምሽጉን ያጠናክራል፣ ሲንቀሳቀስ ግን ምሽጉን ያጣል። ስለዚህ የግንባር መስመር ትእዛዝ ወታደሮቹን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ካዩ ትእዛዙን ሰርዘው በእጅዎ ያስቀምጧቸው። የማጥቃት ትእዛዝ አይስጡ፤ ደካማ ጦር በማጥቃት ያልቃል። የጣሊያን ክፍለ ጦር አረንጓዴ መስመሩ፣ ማለትም የመዋጋት አቅሙ፣ ሲያልቅ ብቻ አንድ ቦታ መርጠው ይምቱ።

የምትመታው ቦታ ደግሞ የስንቅ ማዕከል ብትሆን ይመረጣል። የጣሊያን ስንቅ በምፅዋና በሞቃዲሾ ወደቦች ገብቶ በማዕከላት በኩል ነው ወደ ግንባር የሚደርሰው። ማዕከሉ ከተያዘ ከፊቱ ያለው ጦር ይራባል፣ ታንኩም ይቆማል። በኦጋዴን በኩል መንገዱ ረጅም፣ ስንቁም ቀጭን ስለሆነ ለዚያ ጥቂት ክፍለ ጦር ይበቃል።

ባይ ብለድ አሎን የተባለው ዲኤልሲ (ከዋናው ጌም ተለይቶ የሚሸጥ ተጨማሪ ክፍል) ከሌለዎት ኢትዮጵያ የራሷ የፎከስ ዛፍ፣ ማለትም አገሪቱ ደረጃ በደረጃ የምትመርጣቸው ግቦች ዝርዝር፣ የላትም፤ ለሁሉም አገር የተዘጋጀውን ነው የምትጠቀመው። በመስከረም 2022 የወጣው ይህ ጥቅል ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሆነው ትግሉን የሚቀጥሉበትን መንገድ ጭምር ይዟል። በኢትዮጵያ ለሚጫወት ሰው በእኛ አስተያየት ከሁሉም በፊት የሚገዛው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዲኤልሲው በዝቶብናል፤ አራት ጓደኛሞች ነን። እያንዳንዳችን መግዛት አለብን? (ከዱባይ)

መልስ፦ የለባችሁም። በኔት አብራችሁ ስትጫወቱ የሚሠራው ጨዋታውን የከፈተው ሰው ዲኤልሲ ነው፤ ሌሎቻችሁ ዋናው ጌም ካላችሁ ይበቃል። አዋጥታችሁ አንዱ ይግዛና ሁልጊዜ እሱ ይክፈት። የዚሁ ኩባንያ የክሩሴደር ኪንግስ 2 ዋናው ጌም ከ2019 ጀምሮ ነፃ ስለሆነ ለመሞከር ያህል ከእሱ መጀመር ይቻላል።

ጥያቄ፦ አፕዴት ካደረግሁ በኋላ የዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ሴቬ (ያስቀመጥሁት ጨዋታ) ተበላሸ። በዚያ ላይ ጌሙ እየቆየ ሲሄድ ይንቀረፈፋል፤ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ብገዛ ይስተካከላል? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ካርዱን አይግዙ። ጌሙን የሚያዘገየው በየቀኑ የሚሰላው የአገሮችና የሠራዊቶች ብዛት ነው፣ ያ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ሥራ ነው። ገንዘቡን እዚያ ላይ ያውሉት።

ሴቩን በተመለከተ፦ ከዲኤልሲ ጋር የሚወጣው ነፃ አፕዴት ዲኤልሲውን ላልገዛም ስለሚደርስ የድሮ ሴቭ ከአዲሱ ጋር ላይስማማ ይችላል። ጌሙ በሚወርድበት በስቲም ፕሮግራም ላይ የጌሙን ስም በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ይጫኑ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ቤታስ ውስጥ ገብተው ሲጫወቱበት የነበረውን ቨርዥን ይምረጡ። ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ለውጥ) ከነበረዎት እሱም ከዚያ ቨርዥን ጋር የሚሄድ መሆን አለበት። ለወደፊቱ አፕዴት ከመምጣቱ በፊት፣ ዶክዩመንትስ ውስጥ ካለው የፓራዶክስ ፎልደር ሴቭ ጌምስ የሚለውን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።